የኦክላንድ ቆርቆሮ፣ የሳን ሆዜ ሻይ

ሻይ ለእኔ ሻይ ነበር። ውሃው ይፈላል፣ ቅጠሉ ይገባል፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ይከተላል፤ ስኳሩ እንደ ጠጪው ነው። ውድ ሻይና ርካሽ ሻይ አለ ሲሉኝ ልዩነቱ የካርቶኑ ነው እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ይህን ሐሳብ ያስጣለችኝ ኦክላንድ፣ ቻይናዎቹ ሠፈር ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ናት። እንደ እኔው አሮጊት ናት። ስሟን አላውቅም፤ እሷም የእኔን አታውቅም። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እኔም አልችልም፤ ስለዚህ ተግባባን።

ያን ጊዜ ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ኦክላንድ ነበር የምንኖረው፤ ከከተማው ሐይቅ ብዙ በማይርቅ አፓርታማ። ልጄ ሥራ፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ እግሬ ወዳመራኝ እወጣለሁ። መዞር እወዳለሁ። ሌላውን ሰው እርጅና ቤት ያስቀምጠዋል፤ እኔን ጭራሽ አስወጣኝ። ሐኪሙ ቡና ቀንሺ ብሎኝ ስለነበር አፌ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነበር። አንድ ቀን በሱቋ በር ሳልፍ የተቆላ ነገር ሸተተኝ። ቡና አይደለም፣ ገብስም አይደለም፤ በሁለቱ መሐል ያለ ነገር ነው። ገባሁ።

ሴትዮዋ ወንበር ሳበችልኝ። ከአንድ ትልቅ ቆርቆሮ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያለ ጥቁር ቅጠል በእጇ ዘግና፣ ጡጫ የማታክል የሸክላ ማፍያ ውስጥ ጨመረች። የፈላ ውሃ ደፋችበትና ወዲያው በሁለት ሲኒ ቀዳችው። ሲኒዎቹ የእኛን ሲኒ ግማሽ አያክሉም። በእኛ ቤት የመጀመሪያው የእንግዳና የትልቅ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ነኝ። አነሳሁና ጠጣሁት። ውሃ ውሃ ይላል። ሴትዮዋ እጇን ወደ ሲኒዋ እንደዘረጋች ቆማ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የራሷን አነሳችና እሷም ጠጣች።

ማታ ለልጅ ልጄ ሳወራላት ከስልኳ አንብባ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ውሃ ቅጠሉንና ሲኒውን ማለቅለቂያ ነው፤ ይደፋል እንጂ አይጠጣም።

«ግራንማ፣ ዩ ድራንክ ዘ ዋሽ ዋተር!» ብላ ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

«እሺ እኔስ አላወቅሁም፤ እሷ ለምን ጠጣች?» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሱቋ በሄድኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ውሃ ሁለታችንም እንጠጣዋለን። ልማድ ሆኖ ቀረ።

ሻዩ ኡሎንግ ይባላል። ጥቁር ሻይም አረንጓዴ ሻይም አይደለም፤ ለመጥቆር ተነስቶ መንገድ ላይ የቀረ ነው። እኔ የምገዛው ከትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን፣ የዕለት የዕለቱን ነው። እንጨት አለበት፣ ስብርባሪ አለበት፣ ሲቆላም ትንሽ እንደመቃጠል ብሏል። ግን የዋህ ሻይ ነው። ፔርሙስ ውስጥ ጨምረሽ እስከ ማታ ብትረሽው አይቆጣም። ቅርንፉድ ብትጨምሪበት ይቀበላል። ጾም ላይ በባዶ ሆድ ብትጠጪው ሆድ አይቦረቡርም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በትንንሽ ጣሳ የተቀመጡ ሌሎችም ነበሯት፤ ወደዚያ ስመለከት እጇን አወናጭፋ ታሳልፈኛለች። ለምን እንደምታሳልፈኝ አልጠየቅኋት፤ በምን አፌ ልጠይቃት።

ልጄ ሳን ሆዜ ሥራ አገኘችና ቤታችንን ጠቅልለን ወደዚያ ሄድን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ጓሮው የሎሚ ዛፍ አለው። መንገዱ ግን ሰው የለበትም። ሳን ሆዜ፣ ቢያንስ በእኛ መንደር፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ካየሽ ውሻ አለው ማለት ነው። እኔ ውሻ ስለሌለኝ በባቡር ወደ ኦክላንድ መሄድ ጀመርኩ። ባቡሩ ፍሪሞንትን አልፎ፣ ሄይዋርድ ላይ ቢጫ የሆኑትን ኮረብቶች እያሳየ ይሄዳል። የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው አንገቱን አዘንብሎ ይተኛል። ማንም አያናግረኝም፣ እኔም ማንንም አላናግርም፤ ደስ ይለኛል። ሐይቁ አጠገብ ያለው ጣቢያ እወርዳለሁ፤ ዳክዬ ተጠብሶ ከተሰቀለበት ቤት ጋ እታጠፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሽታው ይመራኛል።

አንድ ቀን ሻዬን ገዝቼ ስነሳ ፌስታሉ ተቀደደ። ቅጠሉ መሬት ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ በቻይንኛ ተቆጣች፤ እኔን ይሁን ፌስታሉን አልለየሁም። ከዚያ ከመቀመጫዋ ሥር አሮጌ ቀይ ቆርቆሮ አወጣች። ክዳኑ ላይ የተሳለው ወፍ በእጅ ብዛት ተፍቆ ጅራቱ ብቻ ቀርቷል። የራሷ ዕቃ መሆኑን ከአያያዟ አወቅሁ። ሻዩን እንደ አዲስ ሞልታ ሰጠችኝ።

ቆርቆሮውን በሁለት እጄ እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድኩ። የጣቢያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ስወጣ የሚደገፉበትን ብረት የምይዝበት እጅ አልነበረኝም። ወደቅሁ። ጉልበቴ ነው የተመታው። ጣቢያውን የሚያጸዳ አንድ ያገራችን ሰው ሮጦ መጣ።

«እማማ! አይዞዎት! ተጎዱ እንዴ?»

«ቆርቆሮው ደህና ነው?» አልኩት።

«ቆርቆሮውን ይተዉት እንጂ! እግርዎን ያንቀሳቅሱት እስኪ።»

እግሬ ተንቀሳቀሰ። ቆርቆሮው ጎኑ ጎደጎደ። ሰውየው ልጄ ጋ ደወለ፤ ልጄም ሥራዋን ጥላ መጣች።

በመኪናዋ ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ «እማዬ፣ ይሄ የኦክላንድ ነገር ይቅር» አለች።

«ኦክላንድ ምን አደረገኝ? የጣለኝ ደረጃው ነው።»

«አንቺ ሻይ ነው የምትይኝ። ሻዩን እኔ አመጣልሻለሁ። እዚሁ ሳን ሆዜ ትልቅ ሱቅ አለ፤ የቻይና ምርጥ ምርጡን ይሸጣሉ። ከዚያ የተሻለ ካመጣሁልሽ ትተይዋለሽ?»

ያን ጊዜ ገና ልዩነቱ የካርቶን ነው ብዬ አምን የለ? «የተሻለ ከሆነማ ምን ልሠራ እሄዳለሁ» አልኳት።

«ቃል?»

«ቃል።»

እንዲህ ብዬ ነው ራሴን ያሰርኩት። የእሷ ሻይ ከበለጠ ባቡሩ ቀረ፣ ሱቁ ቀረ፣ እኔም ሎሚው ሥር መቀመጤ ነው። ካልበለጠ እንደ ልማዴ እዞራለሁ።

ያመጣችው ሳጥን ውስጡ ከፋይ ለብሷል። ሻዩ ብርማ በሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች፣ አየሩ ተመጥጦ ታሽጓል። የልጅ ልጄ ዋጋውን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት እናቷ በዓይኗ ዘጋችው። ከረጢቱን ስንቀደው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ሽምብራ ድብልብል ብሏል። እንጨት የለውም፣ ስብርባሪም የለውም። አሸተትኩት። የተቆላ ነገር አይሸትም፤ አበባ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ ትኩስ ቅቤ።

ልጄ የኩሽና ሚዛን አውጥታ ሁለቱን ሻይ እኩል መዘነች። መሥሪያ ቤቷም ሥራዋ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ሳታስተያይ አታድርም። የልጅ ልጄ ሰዓት ያዘች። ሲኒዎቹን አንድ ዓይነት አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቀዳችና አደበላለቀቻቸው።

«ክሎዝ ዩር አይስ፣ ግራንማ።»

ጨፈንኩ። መጨፈኔ ለእነሱ ደስታ ነው እንጂ የኦክላንዱ ሽታ ገና ከሩቅ ነው የሚናገረው። አንዱን ጠጣሁ፣ ሌላውን ጠጣሁ። ልጄም ጠጣች። የልጅ ልጄ የተቆላውን ጨለጠችና፣ «አይ ላይክ ዚስ ዋን። ኢት ስሜልስ ላይክ ግራንማ» አለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ!» አለች እናቷ፤ ግን ሳቀች። «እሺ እንቀጥል። አንድ ውሃ ብቻ አይበቃም። ቫልዩው የሚታየው ሲደጋገም ነው።»

እውነቷን ነው። በዚያው ቅጠል ላይ ሌላ ውሃ፣ ሌላም ውሃ ደፋን። የኦክላንዱ ቶሎ ደከመ፤ መጨረሻ ላይ የታጠበ ድስት ውሃ መሰለ። የሳን ሆዜው ግን በየውሃው ሌላ ነው። መጀመሪያ አበባ፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስም ያላገኘሁለት ነገር። ከዋጥሽው በኋላ ጉሮሮሽ ላይ ጣፋጭ ሆኖ ይመለሳል። ድብልብሉ ተፈትቶ ሙሉ ቅጠል፣ ከነዘንጉ፣ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ማፍያው ውስጥ ተዘረጋ።

«አየሽ፣ ይሄ ሲገዛ ነው ውድ የሚመስለው» አለች ልጄ። «በሲኒ ስታስቢው ግን አይደለም። ያንቺ ሁለቴ ሰጥቶ ያልቃል። እሺ እማዬ፣ የቱ ይበልጣል?»

ሁለቱም አዩኝ። መዋሸት እችል ነበር። ምላሴ አርጅቷል ብል ማን ይከራከረኛል?

«ያንቺ ይበልጣል» አልኳት።

ልጄ ያሸነፈች ሰው አትመስልም ነበር። ሲኒዎቹን ሰብስባ አጠበች።

ከዚያ በኋላ እቤት ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ዳነ። ሁሉም ሲወጡ የሳን ሆዜውን ሻይ አፈላለሁ፤ እስቲ ጠባዩን ልወቀው ብዬ። ፔርሙስ ውስጥ አድርጌ ረሳሁት፤ ከሰዓት ስከፍተው መርሮ፣ የተቀቀለ ቅጠል ሆኖ ጠበቀኝ። ቅርንፉድ ጨመርኩበት፤ ቅርንፉዱ ብቻ ቀረ፣ ሻዩ የት እንደገባ አይታወቅም። ከብስኩት ጋር አይሄድም፤ ብስኩቱ ይጫነዋል። ሥራ እየሠራሽ አይጠጣም። ተቀምጠሽ እሱን ብቻ እንድታዪው ይፈልጋል። ተቀመጥኩም፤ ጊዜ አላጣሁ። ግን አንዱን ውሃ ጠጥተሽ ሌላው ሲመጣ፣ «ኧረ ይሄኛው ደግሞ ተለወጠ» ማለት ያምርሻል። ማፍያው ለአንድ ሰው የሚበዛ ይቀዳል፤ የቀረው ሲኒ ቆሞ ይቀዘቅዛል። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። እኔም እደፋዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሴቶች የቱ ያዋጣል ብለው ጠይቀውኛል፤ ልጄ አውርታላቸው ኖሯል። ጥሩ መልስ አልሰጠኋቸውም። ውዱ ለብቻዬ ስጠጣው ግማሹ ስለሚደፋ ርካሹ ያዋጣል ብዬ አሰብኩ። ሰው ካለ ደግሞ ውዱ ነው የሚያዋጣው። ይህን ስነግራቸው አንዷ፣ «እማማ፣ እኛ የሱቁን አድራሻ ነበር የፈለግነው» አለችኝ።

የኦክላንዱ ሻይ ግን አለቀ። ቆርቆሮውን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ የሰው ዕቃ ስለሆነ ከእኛ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ልጄ ከሥራ ስትገባ አየችው።

«ይሄ አሮጌ ነገር አልተጣለም እንዴ?»

«አይጣልማ፣ የሴትዮዋ ነው።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የሻይዋ ናታ። ፌስታሉ ሲቀደድብኝ የራሷን አውጥታ ሰጠችኝ።»

«ገዝተሽው መስሎኝ!»

«የገዛሁት ሻዩን ነው። አንቺ በዚያ በኩል ስታልፊ ታደርሺልኛለሽ። እኔ ቃል ገብቻለሁ።»

ልጄ ቆርቆሮውን አነሳች። በአውራ ጣቷ የጎደጎደውን ዳሰሰችው። ቦርሳዋ ገና ትከሻዋ ላይ ነው።

«ባዶውን?» አለች።

እኔ አላልኩም፤ እሷ ናት ያለችው። ልጅ ሆና የጎረቤት ሳህን መላሽ እሷ ነበረች። ሳህን ባዶውን ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ምንም ከሌለ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ እሱም ከሌለ አንድ ሽንኩርት ይደረግበታል። በባዶ ሳህን ሰው በር ላይ መቆም እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቃለች። አሜሪካ መጥታም አልረሳችውም። ጎረቤታችን ኬክ የላከበትን የፕላስቲክ ዕቃ ሎሚ ሞልታ ስትመልስ፣ ሰውየው ሎሚውን ለምን እንዳገኘ ሳይገባው ነው የሞተው።

መቀስ አመጣች። ከፋይ የለበሰውን ሳጥን ከፍታ ብርማዎቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ እየቆረጠች ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጠቻቸው።

«ሞም! ዩ ኖው ሃው ማች ዛት—» አለች የልጅ ልጄ ዋጋውን ልትጠራ።

«አንቺ ዝም በይ።»

ሳጥኑ አለቀ፤ ቆርቆሮው ግን ግማሽ ድረስ ነው የሞላው። ልጄ ውስጡን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ሎሚ ለቅማ በፌስታል ይዛ ተመለሰች።

«አድራሻው የት ነው?» አለችኝ ስልኳን አውጥታ።

«ከጣቢያው ወጥተሽ፣ ዳክዬ የተሰቀለበት ቤት ጋ ትታጠፊያለሽ፤ ከዚያ ማሽተት ነው።»

ስልኳን ዘጋችው። «ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አለች። «ፓርኪንግ ስለማይገኝ በባቡር።»

ቅዳሜ ሄድን። ቆርቆሮውን እሷ ያዘች። ፍሪሞንት ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ኮረብቶቹን ላሳያት ፈልጌ ነበር፤ ተውኳት።

ሴትዮዋ ከበሩ ስታየኝ ጮኸች። ተነስታ እጄን ያዘችና ረጅም ነገር ተናገረች፤ ቁጣ ነው፤ የት ጠፋሽ ማለቷ እንደሆነ ማንም ይገባዋል። አረማመዴን አይታ ጉልበቴን በጣቷ ጠቆመች። እኔም በአማርኛ ነገርኳት፤ ደረጃውን፣ ሰውየውን፣ የቆርቆሮውን መጎድጎድ ሁሉ። ልጄ የሚያስተረጉመውን ስልኳን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በእጇ መለሰችው።

ሎሚውን ተቀብላ ቆርቆሮውን ከፈተች። አሸተተች። አፍንጫዋን ከቅጠሉ ላይ ቶሎ አላነሳችም። ከዚያ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ውሃ ጣደች።

ሦስት ሲኒ ደረደረች። ድብልብሉን ቅጠል ማፍያው ውስጥ ስትጨምረው እንደ ጠጠር ጮኸ። ውሃውን ደፋችበትና ወዲያው ቀዳችው።

«እማዬ» አለች ልጄ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ይደፋል እኮ። አይጠጣም።»

እኔና ሴትዮዋ ሲኒያችንን አንስተን ነበር። ጠጣነው። ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። ከዚያ የራሷንም አነሳችና ጨለጠችው።

«ውሃ ውሃ ይላል» አለች።

«እንደዚያ ነው» አልኳት።

ከዚያ ሻዩ መጣ። አበባው መጣ፣ ቅቤው መጣ፣ ስም ያላገኘሁለትም መጣ። ሴትዮዋ አንዱ ውሃ ላይ ስትደርስ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። «ተለወጠ አይደል?» አለች ልጄ። ያቺ ማፍያ ለሦስት ሰው ልክ ናት፤ ሲኒ ላይ የቀዘቀዘ ነገር አልነበረም።

ስንነሳ ሴትዮዋ አስቀመጠችን። የሳን ሆዜውን ሻይ ከላይኛው መደርደሪያ ወዳወረደችው ጣሳ አንዲት ፍሬ ሳታንጠባጥብ ገለበጠችው። ቀዩን ቆርቆሮ በጨርቅ ወለወለችው። ከዚያ ከትልቁ ቆርቆሮ የዕለት የዕለቱን እየዘገነች ሞላችው፤ በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ጨመረችበት፤ ክዳኑን ገጠመችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን መታ አደረገቻት።

ልጄ ቆርቆሮውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ መመለስ አለበት።»

«አዎ።»

«ባዶውን አይመለስም።»

«አይመለስም።»

«እሷም ባዶውን አትሰጥሽም።»

«የምትሰጠኝ አይመስለኝም።»

ጣቢያው ስንደርስ ወደ ደረጃው ሳይሆን በሌላ በኩል ይዛኝ ሄደች። «ሊፍቱ በዚህ ነው፤ እይው። ደረጃውን ሁለተኛ እንዳትነኪው። ቆርቆሮ በእጅ አይያዝም፣ ጀርባ ላይ ነው። ስትደርሺ ኮል አድርጊልኝ፣ ስትመለሺም ኮል አድርጊልኝ። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።»

የልጅ ልጄ ያረጀ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሰጠችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ቦርሳው ግን ጀርባዬ ላይ ልክ ነው። ቆርቆሮው ከታች ይገባል፣ ሎሚው ከላይ፣ ፔርሙሱ በጎን ኪሱ። ሁለቱም እጄ ባዶ ነው፤ ብረቱን እይዛለሁ።